አበባውን በፍሬው ውስጥ የሚሰውር በለስ

ዛሬ ስለ በለስ እንነጋገራለን፤ ስለ ቁልቋሉ ሳይሆን ስለ ዛፉ በለስ። በጓሳ ደጋ ውርጭ ላይ በለስ አይጸናም፤ ዳሩ ግን ወደ መርሐቤቴ ቆላ ሲወረድ፣ የበለስ ዘመዶች የሆኑት ሾላና ዋርካ ጥላቸውን ዘርግተው ይገኛሉ።

ታዲያ የበለስ አበባ ለምን አይታይም? ፍሬው እንደ ተከደነ መሶብ ስለ ሆነ፣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦች በውስጡ ተሰውረው ይኖራሉ። ለሾላ የአበባውን ብናኝ የምታደርስለት፣ በጠባቧ ቀዳዳ የምትገባ ኢምንት ተርብ ናት፤ ይህም የፈጣሪ ጥበብ እጅግ ያስደንቀኛል።

እንግዲህ ለጓሮ በለስ የሚሻ ሰው ዘሩን ይለይ። ስሚርና የተባለው በለስ የራሱ ተርብ ካልደረሰችለት ፍሬውን ያረግፋል፤ ብራውን ተርኪ የተባለው ግን ያለ ተርብ ያፈራል፤ ቅርንጫፉም ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል።