ነገን ለማየት ሦስት መቶ ሜትር መውረድ

(በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በበዓል ቀን ያለፈውን ማንሳት የተለመደ ነው። እኔ ግን ስለሚመጣው ጥቂት ልናገር። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ የሚጨነቀው ለዘንድሮ ዝናብ ነው። ቡና ተካይ ግን ጭንቀቱ ረጅም ነው። ችግኙ ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያም በጉንደላ እየታደሰ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ዛሬ የምንተክለው ቡና የልጆቻችን ዘመን ሙቀት ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኔቸር ፕላንትስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ በቂ እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚመረትበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ጥናቱ ተስፋም አለው። ቡናን ወደሚስማማው ቦታ ማዛወር ከደን ጥበቃ ጋር ከተጣመረ ተስማሚው መሬት ቢያንስ አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ በመቶኛ የተነገረ ነገር ልብ አይነካም። «እውነት ነው» ብለን ሰምተን፣ ቤታችን ገብተን እንደ ድሮው እንተክላለን። ለዚህም ነው በሌላው ዓለም ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባል ቴክኖሎጂ የተሞከረው። ዓይን ላይ የሚጠለቅ መነጽር መሰል መሣሪያ ነው። ያጠለቀው ሰው ወዴትም ቢዞር በኮምፒውተር የተሠራው ዓለም ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በዚህ መሣሪያ ትልቅ ዛፍ በመጋዝ የቆረጡ ሰዎች፣ ስለ ዛፍ ቆረጣ ካነበቡት ይልቅ የፈሰሰ ውኃ ለማድረቅ በ20 በመቶ ያነሰ ወረቀት ተጠቅመዋል። መስማት እንደ ማየት አይሆንም ማለት ይህ ነው።

መሣሪያው ወደ እኛ ቢመጣ ሁለት ነገር እንጠይቅ። የሚያሳየን የማንን ማሳ ነው? የደረቀውን ቡና ብቻ ነው ወይስ በዋንዛና በሰሳ ጥላ የተያዘውን፣ ጉዝጓዝ የለበሰውንም ያሳያል? ምስሉ ስሌት እንጂ ትንቢት አይደለም። መፍትሔ የሌለው ማስፈራሪያ ገበሬውን ቡናውን አስነቅሎ ጫት ያስተክለዋል።

መነጽሩ እስኪመጣ ግን እግር አለን። ከፍታ 100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። 1,900 ሜትር ላይ ያለ አባላችን ወደ 1,600 ሜትር ቢወርድ ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ ጭማሪ በገዛ ገላው ይሰማዋል። አፈሩና ዝናቡ ሊለያይ ይችላል፤ የታችኛው ጎረቤቱ ግን የትኛው የጥላ ዛፍ እንደጸናለት፣ የትኛው ችግኝ እንደከዳው በቦታው ያሳየዋል። በታንዛኒያ የሉሾቶ ገበሬዎችም የወደፊት አየር ጠባያቸውን የሚመስሉ አካባቢዎችን ጎብኝተው ተምረዋል።

ዩኒየናችን የደጋም የቆላም ማኅበራት አሉት። ስለዚህ የማሳስበው አንድ ነገር ነው። ከመጪው የችግኝ ተከላ በፊት እያንዳንዱ የላይኛው ማኅበር ተወካዮቹን ወደ ታችኛው ይላክ፤ ወረዳዎችም መኪናና የልማት ሠራተኛ ይመድቡልን። ጉድጓዱን ከመቆፈራችን በፊት ነገን አይተን እንምጣ።