በስፖርት መኪና ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ፤ የረጅም ጉዞ ዕቅድ በመሐንዲስ ሚዛን

(ለማኅበሩ አባላት ከቀረበ ንግግር)



መንገድ ነዳፊ መንገድን የሚመለከተው ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን ለመፈለግ ነው። የተሰነጠቀውን አስፋልት፣ የተደፈነውን ቱቦ፣ የተቦረቦረውን ዳር እያየ ሲሄድ በግራና በቀኝ ያለው ተራራና ሸለቆ ሳይታየው ያልፋል። የዛሬው ንግግር ርእስ ከዚህ ልማድ ጥቂት ወጣ ያለ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው የአገርን ውበት ለማየት ሲል፣ ለሁለት ሰው ብቻ በተሠራች ዝቅ ያለች ፈጣን መኪና አንድን ሰፊ አገር ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ቢነሣ ጉዞውን እንዴት ማቀድ ይገባዋል የሚል ነው። ነገሩ ለላይኛው ተመልካች የመዝናኛ ጨዋታ ይመስላል፤ ሆኖም የጊዜ፣ የሙቀት፣ የእይታና የደኅንነት ሂሳብ ስላለበት ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚመጥን ጉዳይ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው የአሜሪካ 50ኛ ቁጥር አውራ ጎዳና ሲሆን፣ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመኪና ብርታትና የመንገድ ብርታት

አሜሪካን በመኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠው የቬርሞንት ሐኪም ሆሬሽዮ ኔልሰን ጃክሰን ነበር። በ1903 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ኒው ዮርክ እስኪደርስ 63 ቀን ፈጀበት። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1919፣ የአገሪቱ ጦር ሠራዊት በርካታ ካሚዮኖችንና ሌሎች ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ከዋሽንግተን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲጓዝ የወሰደው ጊዜ 62 ቀን ነው። በእርግጥ የጭነት መኪና ሰልፍ ከአንዲት ቀላል መኪና ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ቢሆንም ሞተሩ እጅግ ከተሻሻለ በኋላ እንኳ የሰልፉ ጉዞ የዘገየው ድልድዩ ስለሚሰበር፣ ጭቃውም ጎማ ስለሚውጥ ነበር። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበረው ወጣት መኮንን ድዋይት አይዘንሃወር ያየውን አልረሳም። ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1956 የአገሪቱን ታላላቅ ፈጣን መንገዶች ሥራ የሚያስጀምረውን ሕግ ፈረመ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዛሬው ተጓዥም ያገለግላል። የጉዞን መጠን የሚወስነው የመኪናው ከፍተኛ ችሎታ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለው ዝቅተኛ ችሎታ ነው። የስፖርት መኪና ባለቤት ዕቅዱን ከሞተሩ ጉልበት ቢጀምር ከተሳሳተ ቦታ ጀመረ ማለት ነው።

የመንገዱ መልክ

50ኛው አውራ ጎዳና የተቋቋመው አሜሪካ መንገዶቿን በቁጥር በሰየመችበት በ1926 ነው። በአትላንቲክ ዳር ከምትገኘው ኦሽን ሲቲ ተነሥቶ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አጠገብ ሲያበቃ ርዝመቱ ወደ 4,860 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ 12 ግዛቶችንና ዋና ከተማዋን ዋሽንግተንን ያቋርጣል። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መንገዱ እንግዳ አይደለም፤ በቨርጂኒያ በኩል አርሊንግተን ቡሌቫርድ እየተባለ የሚጠራው ጎዳና ይኸው 50ኛው ቁጥር ነው።

ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ ሲኬድ መጀመሪያ የዌስት ቨርጂኒያ ደን የለበሱ ተራሮችና ኩርባዎች ይመጣሉ። ከዚያም የኦሃዮ፣ የኢንዲያናና የኢሊኖይ እርሻዎች ይከተላሉ። ከሚዙሪ በኋላ ያለው የካንሳስ ሜዳ ቀጥ ያለና የተረጋጋ ነው። በኮሎራዶ መንገዱ የአርካንሳስን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሮኪ ተራሮች ከወጣ በኋላ በሞናርክ በር ላይ 3,448 ሜትር ይደርሳል። የዩታ ቀይ ዓለት ታልፎ ኔቫዳ ሲገባ ሸለቆና ተራራ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ፤ በ1986 ላይፍ የተባለው መጽሔት ይህን ክፍል የአሜሪካ እጅግ ብቸኛ መንገድ ብሎ ሰይሞታል። በመጨረሻ የታሆ ሐይቅን ዳር ይዞ፣ 2,250 ሜትር ከፍታ ያለውን ኤኮ ሰሚትን ተሻግሮ ወደ ሳክራሜንቶ ይወርዳል።

ጊዜ

በዚህ መንገድ ላይ በየከተማው የትራፊክ መብራት፣ በየእርሻው ትራክተር፣ በየተራራው ኩርባ አለ። ስለዚህ አማካይ ፍጥነቱን በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር አድርጎ መገመት ይሻላል። 4,860 ለ65 ሲካፈል ወደ 75 የማሽከርከር ሰዓት ይመጣል። በቀን 6 ሰዓት ቢነዳ 13 ቀን ይሆናል። በዚህ ላይ ለምንም ነገር ያልተመደቡ ሦስት ቀኖች ሊጨመሩ ይገባል። ሕንጻ ነዳፊ በምሰሶው ላይ ትርፍ አቅም እንደሚጨምር ሁሉ፣ እነዚህ ሦስት ቀኖች ለጉዞው ትርፍ አቅም ናቸው። አንድ ቀን ዝናብ ቢይዝ ወይም አንድ ሸለቆ ከታሰበው በላይ ደስ ቢያሰኝ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ትርፍ የሌለው ዕቅድ ግን የጎደለውን ሰዓት በፍጥነት ለማካካስ ያስገድዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አደጋውም የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ውስጥ የትኛው እንደሚሆንም ሊታሰብበት ይገባል። ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ከቀትር በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። በበጋቸው ወራት በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ የሚበዛውም ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በማለዳ ተነሥቶ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ መንዳትና ከቀትር ጥቂት በኋላ ማረፍ ለዓይንም፣ ለጣሪያ አልባ መኪናም፣ ለፎቶግራፍም ይጠቅማል። ከወራቱ ሴፕቴምበር ይመረጣል፤ ሙቀቱ በርዷል፣ ተራራው ላይ ያለው ከባድ በረዶም ገና ነው።

ዓይንና ፍጥነት

መንገድ የሚነደፈው አሽከርካሪው አደጋን አይቶ ለመቆም በሚበቃው የእይታ ርቀት ነው። በአሜሪካ የንድፍ መመሪያ መሠረት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚነዳበት መንገድ ይህ ርቀት 185 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 70 ሜትር ያህሉ አሽከርካሪው አይቶ እስኪወስንና እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ባሉት 2.5 ሴኮንዶች የሚታለፍ ነው፤ ቀሪው 115 ሜትር ያህል የፍሬን ርቀት ነው።

የስፖርት መኪና ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ጎማ ስላለው በደረቅ አስፋልት ላይ 115ቱን ሜትር ወደ 43 ያህል ሊያወርደው ይችላል። 70ውን ግን አንድ ሜትር አይቀንሰውም፤ ያ ርቀት የሰው ነውና። በዚህ ተማምኖ አሽከርካሪው ፍጥነቱን ወደ 130 ቢያደርስ ለማየትና ለመወሰን ብቻ 90 ሜትር ይሄዳል። መንገዱ እርጥብ ከሆነም ለፍሬን ሌላ 130 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ድምሩ 220 ሜትር ይሆናል፤ ነዳፊው ግን ያሳየው 185 ብቻ ነው። ጉድለቱ 35 ሜትር ነው። በዚያ 35 ሜትር ውስጥ የቆመ ትራክተር ወይም መንገድ የሚያቋርጥ አጋዘን ቢኖር የሞተሩ ጉልበት ምንም አይፈይድም።

በዚህ ላይ የመኪናዋ ዝቅ ማለት ይጨመራል። መመሪያው የአሽከርካሪውን ዓይን ከመንገዱ በላይ 1.08 ሜትር ላይ አድርጎ ይገምታል። ለምሳሌ በ1989 ለገበያ የቀረበችው የማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የዛሬው ዓይነት ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ 1.23 ሜትር ያህል ብቻ ናት። እንዲህ ባለች መኪና የተቀመጠ ሰው ዓይን ከተገመተው ከፍታ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጉብታ አናት ላይ ከማዶ የሚመጣውን ከሌሎች ዘግይቶ ያያል፤ ከካሚዮን ኋላ ሆኖ ለመቅደምም የሚያየው ጥቂት ነው። ፈጣኗ መኪና በእነዚህ ቦታዎች ከሌሎች ይበልጥ መታገሥ ይገባታል ማለት ነው።

ከፍታና ቁልቁለት

በሞናርክ በር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ወደ ከመቶ 71 ይወርዳል። አየርን በራሱ የሚስብ ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ፣ ከመቶ 30 ገደማ ያጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ የሚነዱ፣ ጣርማ በርንም የተሻገሩ አባላት ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ በእግራቸው ያውቁታል። በኮሎራዶ ማደያዎች 85 የሚል ቁጥር ያለው ቤንዚን በርካሽ ይሸጣል፤ የመኪናው መመሪያ 87 ወይም ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ርካሹን መተው ነው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። ከሞናርክ በር እስከ ጋኒሰን ከተማ ያለው ውርደት 1,100 ሜትር ነው። ሁለት ሰውና ጓዝ የያዘች 1,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ስትወርድ የምትለቀው ኃይል 14 ሜጋ ጁል ይሆናል፤ ይህም 42 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አየሩና ጎማው የሚወስዱት ቢቀነስ እንኳ የተረፈው ፍሬን ላይ ብቻ ቢጣል ሸራው ይግላል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይረገጣል። መድኃኒቱ የአባይን በረሃ የሚወርድ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ በወጡበት ማርሽ መውረድ፣ ፍሬንንም አልፎ አልፎ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ። ከጉዞው በፊት የፍሬኑን ዘይት በአዲስ ማስለወጥም የዕቅዱ ክፍል ነው፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ቶሎ ይፈላልና።

ነዳጅና ጓዝ

የተጠቀሰችው መኪና 45 ሊትር ትይዛለች። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ብትጨርስ እስከ 560 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል፤ ለጉዞው በሙሉ የሚፈጀውም ወደ 390 ሊትር ይሆናል። ለዳገት፣ ለፊት ነፋስና ለስሕተት አንድ አራተኛው ሲቀነስ በእጅ ያለው ርቀት 420 ኪሎ ሜትር ነው። በኔቫዳ ከኢሊ እስከ ዩሪካ 124፣ ከዩሪካ እስከ ኦስቲን 113፣ ከኦስቲን እስከ ፋለን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለየብቻ ሲታዩ አንዱም አያስፈራም። ትክክለኛው ጥያቄ ግን አንድ ማደያ ተዘግቶ ቢገኝስ የሚለው ነው። በኢሊ የሞላ ሰው ሦስቱንም ሳይሞላ እንዲያልፍ ቢገደድ 417 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በእጅ ያለው ርቀት ከሞላ ጎደል ያልቃል። በዩሪካ የሞላ ግን ኦስቲን ቢዘጋበትም 293 ሄዶ ፋለን ይገባል፤ ስለዚህ ሙላቱ በዩሪካ ነው። በዩታም ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ባለው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ማደያ የለም።

የዚች መኪና የጓዝ ቦታ 130 ሊትር ነው፤ ሁለት ለስላሳ ቦርሳ ይይዛል፣ ትልቅ ደረቅ ሻንጣ ግን አይገባውም። ስኮርታ የላትም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ይሰጣታል። ይህ ለሚስማር ቀዳዳ ይሆናል፣ የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን አይጠቅምም። ስለዚህ ከበረሃው በፊት ጎማዎቹን ማስመርመር፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ የሚበቃ ውሃና ብርድ ልብስ መያዝ፣ የወረቀት ካርታም አለመተው ይገባል።

ዕቅድ ያልጠበቀው ድልድይ

በሜይ 2021 በሜምፊስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለው ታላቅ ድልድይ ዋና ብረቱ ተሰንጥቆ ተገኘና ተዘጋ። ብረቱ ቲ 1 የሚባለው ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ዓይነት ሲሆን፣ ነገሩ ከብየዳው ጋር የተያያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚሁ ብረት የተሠሩ ድልድዮች ብየዳቸው እንዲመረመር ታዘዘ። በኤፕሪል 2024 በዚህ ምርመራ በ50ኛው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጋኒሰን በስተምዕራብ በብሉ ሜሳ ሐይቅ ላይ በ1963 የተሠራው ድልድይ ስንጥቅ ተገኘበትና በአንድ ጊዜ ተዘጋ። በከፊል እስኪከፈት እስከ ጁላይ ድረስ አማራጩ አውራ ጎዳና ብዙ ሰዓት የሚያዞር ነበር።

መሐንዲሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይታያል። እንደ ተጓዥ፣ ትርፍ ቀን የያዘ ሰው ዙሪያውን ሄዶ ያላሰበውን ተራራ ያያል፤ ያልያዘ ግን ይናደዳል ወይም ይሮጣል። እንደ ባለሙያ ደግሞ፣ ጎብኚ ሁሉ ቢያማርርም ስንጥቁን አይቶ ድልድዩን የዘጋው መርማሪ ትክክል እንደ ነበረ ይመሰክራል። የማያውቋቸው ሺህ መንገደኞች ሳያውቁት የሚያመሰግኑት እንዲህ ያለውን ውሳኔ ነው።

ማጠቃለያ

ሲጠቃለል፣ የውበት ጉዞ በፈጣን መኪና ሲታቀድ መለኪያው ከሁሉ የዘገየውና ከሁሉ የደከመው ነገር ሊሆን ይገባል፦ የአሽከርካሪው ዓይን፣ የፍሬኑ ሙቀት፣ የሚዘጋው ማደያ፣ የሚሰነጠቀው ብየዳ። እነዚህ አስቀድመው በወረቀት ላይ ከተመዘኑ መኪናዋ ለተሠራችበት ደስታ ትተርፋለች፤ ኩርባውን በልኩ ይዛ ትዞራለች፣ ጣሪያዋን ከፍታ የጠዋቱን አየር ታስገባለች። አሽከርካሪውም በየጉብታው ላይ ቆሞ ለማየት ጊዜ ይኖረዋል። መንገዱን የሠሩት ሰዎች 185 ሜትር ሲያሳዩት ሕይወቱን አስበው ነውና፣ በዚያ ልክ መንዳት ለሥራቸው የሚከፈል ትክክለኛ ክብር ነው።