ለዕውቀት ባሕር የተሻገረው ልጅና የቤተሰቡ ድርሻ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላምና እዝነት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን በብዙ ቤቶቻችን ደስታንም ጭንቀትንም ይዞ ስለሚገባ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። እርሱም ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ልጃችን በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይደላደላል የሚለው ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ጀርመንን ነው። አብዛኞቹ የአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ስለማይጠይቁ የልጆቻችን ዓይን ወደዚያ ያያልና።

የመግቢያው ደብዳቤ ሲደርስ ቤቱ ይሞቃል። በግ ይታረዳል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ጎረቤት ይመርቃል፤ እስከ ቦሌ ድረስ እንሸኛለን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ይሁንና ዋናው ፈተና የሚጀምረው ገና ከአውሮፕላን ሲወረድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት እንዴት እንዳለፉ የቀረውን ሁለት ዓመት ይወስነዋል ብንል አላጋነንንም።

ለዕውቀት ከአገር መውጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ደረሳ ሆነው ስንቃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ዳና፣ ወደ ጃማ ንጉሥ፣ ወደ ገታ ተጉዘዋል። ባሕር ተሻግረው ካይሮ የደረሱትም በአዝሀር መስጂድ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1753 ካይሮ ውስጥ የተወለደው ዝነኛው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም የዘር ሐረጉ ከእኛ አካባቢ ወደዚያ ከሄዱት ሰዎች ይመዘዛል። ያኔ አዲስ የመጣ ደረሳ ማደሪያውን፣ ምግቡንና ባልደረባውን ከቦታው ያገኝ ነበር። ነባሩ እጁን ይዞ ያስገባዋል።

የዛሬው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ግን እጅ ይዞ አያስገባም። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ አሠራሩ እንዲህ ስለሆነ ነው። ሁሉም ነገር ተጽፎ ይቀመጣል፤ አንብቦና ጠይቆ መፈጸም የተማሪው ፈንታ ነው። ስለዚህ ልጃችን ከሻንጣው በፊት ሊይዘው የሚገባ ነገር ቢኖር ሳያፍሩ የመጠየቅ ልማድ ነው።

በዚህ ረገድ የሶሓባው የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው። ከመካ ተሰደው ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር አወዳጇቸው። ሰዕድ ባለጸጋ ነበሩና ከሀብታቸው ግማሹን ሊያካፍሉ ፈለጉ። ዐብዱረሕማን ግን አመስግነውና መርቀው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። በደረቅ አይብና በቅቤ ንግድ ጀምረው ከመዲና ባለጸጎች አንዱ ለመሆን በቁ። እንግዳ ሰው ከምንም በላይ የሚያስፈልገው መንገዱን የሚያሳየው ሰው መሆኑን፣ የእንግዳውም ፈንታ መጠየቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ መንገዱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

መጀመሪያ ገና እዚህ ሳለ የሚሠራ ሥራ አለ። ስም ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናውቃለን። በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ በእያንዳንዱ መስኮት ላይ ጥያቄ ያስነሳል። እኛ የአያትን ስም የምናስከትለው የቤተሰብ ስም ስለሌለን እንደሆነም የጀርመን ጸሐፊ ላያውቅ ይችላል። የልደት ቀንም ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲዞር የሚፈጠር ልዩነት አለ። ይህ ሁሉ መስተካከል ያለበት ከመነሳት በፊት ነው፤ ከባሕር ማዶ ሆኖ ማረም ወራት ይፈጃል።

ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል የሌለው ተማሪ ለቪዛው ዝግ ሒሳብ ከፍቶ የአንድ ዓመት መኖሪያ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ የተቀመጠው መጠን 11,904 ዩሮ ሲሆን በየወሩ የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ብቻ ነው። መጠኑ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከማስገባት በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ያሻል። ክፍያ የለም ሲባልም ሁሉም ቦታ የለም ማለት አይደለም። ባደን ቩርተምበርግ በተባለው ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ እንዲከፍል ተደንግጓል። ሌሎቹም ቢሆኑ የሴሚስተር መዋጮ ያስከፍላሉ።

ሦስተኛው ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ከተሞች መኝታ ክፍል እጅግ ያጥራቸዋል። የተማሪ መኖሪያ የሚፈልግ የመግቢያው ደብዳቤ በደረሰው ዕለት ተራ መያዝ አለበት። እዚህ ላይ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን፤ ቤቱን ሳያዩ፣ ውል ሳይፈርሙ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ለሚል ሰው የዋስትና ገንዘብ መላክ አይገባም። በዚህ መንገድ የቤተሰብን ጥሪት የሚበሉ አታላዮች አሉ። በሕጉ የዋስትናው ገንዘብ ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ እንደማይችልም ማወቅ ይጠቅማል።

ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት አድራሻውን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። አከራዩ የሚፈርምለት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ያለዚህች ምዝገባ የባንኩም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ጉዳይ ይጓተታል። ይዞት የገባው ቪዛ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ከውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ ለመያዝ እስኪቃረብ መጠበቅ የለበትም፤ ቀጠሮው ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ወረቀት ሳይነበብ አይቀመጥ። እዚያ አገር መንግሥት ሰውን የሚያናግረው በደብዳቤ ነው፤ ያልተመለሰ ደብዳቤም ቅጣት ይወልዳል።

የጤና መድን የሌለው ተማሪ በዩኒቨርሲቲው አይመዘገብም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታወቅ። የሕዝባዊው መድን የተማሪ ተመን የሚያገለግለው 30 ዓመት እስኪሞላ ነው። ሥራ ላይ ቆይተው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ይህን አስቀድመው ያስቡበት። ሁለተኛው፣ ርካሽ የግል መድን አገኘሁ ብሎ ከሕዝባዊው መድን ነጻ ልሁን ሲል የፈረመ ተማሪ በትምህርት ላይ እስካለ ድረስ ሊመለስ አይችልም። ጥድፊያ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ወደ ትምህርቱ እንግባ። የሁለተኛ ዲግሪው አብዛኛውን ጊዜ አራት ሴሚስተርና 120 የክሬዲት ነጥብ ነው። አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተደርጎ ይታሰባል። ክፍል ውስጥ የሚቆዩበት ሰዓት ጥቂት መሆኑ ሊያዘናጋ አይገባም፤ የቀረው ሰዓት በቤተ መጻሕፍት እንዲያልፍ የታሰበ ነው። ፈተና ለመቀመጥ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለየብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ትምህርቱን ተከታትሎ ምዝገባው ያለፈበት ተማሪ ውጭ ይቀራል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና ለመውሰድ የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ነው። በመጨረሻው የወደቀ በዚያ የትምህርት ዘርፍ ሊቀጥል አይችልም። ትምህርቱ ሲቆም ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ መሠረት ይናጋል።

ልጃችን ከአስተማሪው ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም ማለትን እንደ አደብ ተምሮ አድጓል። ለመምህር ክብር መስጠት መልካም ነው፤ እንዲጸናም እንሻለን። ሆኖም ሳይገባው ገብቶኛል ማለት አደብ አይደለም። እዚያ ያሉ መምህራን ለተማሪ የሚሰጡት የተወሰነ የቀጠሮ ሰዓት አላቸው። በዚያ ሰዓት ጥያቄውን ጽፎ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ንቁ ይባላል እንጂ ደፋር አይባልም። ሌላው ከሰው ጽሑፍ ምንጩን ሳይጠቅሱ መገልበጥ ነው። ይህ በዩኒቨርሲቲው ዘንድ ከባድ ጥፋት ነው፤ በእኛም ዘንድ የሰውን ድካም መውሰድ ነውና ክልክል ነው።

በሃይማኖቱ በኩል የሚገጥመውንም ጥቂት እንበል። በርሊን ውስጥ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት በኋላ ወጥታ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከዙህር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ አራት ሰዓት አይሞላም። በጁን ደግሞ መግሪብ የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ሶላቱን በአገር ቤት ልማድ ሳይሆን በከተማው መስጂድ የጊዜ ሰሌዳ መያዝ ይኖርበታል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ክፍት የሆነ የጸጥታ ክፍል አለው፤ የዘጉም አሉ። ጠይቆ ማወቅና የጁሙዓን ሰዓት የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሲመርጥ ማሰብ ብልህነት ነው። ቱርክና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 በተፈራረሙት የሠራተኞች ስምምነት ምክንያት በየከተማው የቱርክ ሱቅና መስጂድ ስለሚገኝ ሐላል ሥጋ ማግኘት አይከብድም። በዩኒቨርሲቲው የምግብ አዳራሽም የአሳማ ሥጋና አልኮል ያለበት ምግብ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ብቸኝነት ነው። ብርዱና ጨለማው በአንድ ላይ ሲመጡ፣ ጎረቤት በር ሳያንኳኳ ሳምንት ሲያልፍ፣ በሰው መሐል ያደገ ልጅ ይጨንቀዋል። ቤተሰብ ሲደውል ግን «ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ እንዳያሳስበን ብሎ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ከሰው ጋር የሚበላበት ማዕድ ይኑረው። ከአገሩ ልጆች፣ ከመስጂዱ ጀማዓ፣ ከክፍል ጓደኞቹም ጋር ይቀራረብ። በአገሩ ልጆች መሐል ብቻ የተወሰነ ቋንቋውን አይለምድም፤ ከእነርሱ የራቀ ደግሞ በታመመ ጊዜ ሾርባ የሚያመጣለት ያጣል። ጭንቀቱ እንቅልፍ የነሳው እንደሆነ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አገልግሎት የምክር ባለሙያዎች አሉት። ወደ እነርሱ መሄድ የኢማን ጉድለት አይደለም፤ ራሱን ያመመው ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ነው።

አሁን ወደ እኛ፣ እዚህ ወዳለነው እንመለስ። 992 ዩሮ በብር ሲመነዘር፣ ይልቁንም የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ብዙ ሆኖ ይታየናል። ልጁ ግን የሚኖረው በዩሮ ነው። የቤት ኪራዩ፣ መድኑ፣ ምግቡና ስልኩ ሲቀነሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ሳናውቅ በሁለተኛው ወር «የታናሽህ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ»፣ «የአክስትህ ልጅ ሊያገባ ነው» ብለን ስንደውል ምን ይሆናል? ልጁ እምቢ ማለት አይችልም። የሌሊት ሥራ ይገባል፤ ጧት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ፈተናው ያልፈዋል። ሕጉም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዓመት የፈቀደለት 140 ሙሉ የሥራ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። ከልጁ ጥቂት ዩሮ አገኘን ብለን ዲግሪውን አሳጣነው ማለት ነው።

ተበድረን የላክነው ከሆነም ዕዳው የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል ከመሄዱ በፊት በግልጽ ተነጋግረን እንጻፈው። ያልተነገረ ዕዳ በልጁ ላይ ሌሊት የሚጫን ሸክም ነው። ተመርቆ ሲያበቃ ሕጉ ሥራ የሚፈልግበት 18 ወር ይሰጠዋል። የምንጠብቀው ካለ ያኔ እንጠብቅ።

ውጤቱን ሲነግረንም አንደንግጥ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛው 4 ነጥብ ነው፤ በጀርመን ግን ከሁሉ የሚበልጠው 1.0 ሲሆን 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 ደግሞ መውደቅ ነው። ልጁ 1.3 አገኘሁ ካለ «ምን ነካህ?» ሳይሆን «ማሻአላህ» ነው የሚገባው።

በስልክ ስንገናኝ «መቼ ትልካለህ?» የሚለውን ትተን «ምዝገባህ አለቀ ወይ? ከማን ጋር በላህ? ያልገባህን ማንን ጠየቅህ?» እንበለው። እነዚህ ጥያቄዎች ከብዙ ምክር ይበልጣሉ። ቀድመው የሄዱ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም አዲስ ለሚሄደው የጎረቤት ልጅ ስልካቸውን ስጡት። ጣቢያ ወጥቶ የሚቀበለው፣ የመጀመሪያውን ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አብሮት የሚሄድ አንድ ወንድም ማግኘት ከሙሉ ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ይበልጣል። የአዝሀሩ ሪዋቅ ሥራ ዛሬ በእኛ እጅ ነው፤ ግንብ አይጠይቅም፤ ሁለት ሰዓትና መልካም ፈቃድ ይበቃዋል።

አላህ በየአገሩ ለዕውቀት የተበተኑትን ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሚጠቅም ዕውቀት ይዘው በሰላም ይመልስልን። እኛንም ሸክም ሳይሆን ደጋፊ ያድርገን። አሚን።