የእህል ሰልፍና የሰፈራ መዝገብ



እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ የተጎዱት ወሎ፣ ትግራይ፣ ኤርትራና ሰሜን ጎንደር በዚያው ጊዜ የጦር አውድማዎች ወይም የጦር አውድማ አዋሳኞች ነበሩ። በመሆኑም ያን ረኃብ የዝናብ እጦት ብቻ አድርጎ ማውሳት ግማሹን ነገር መተው ይሆናል። በትግራይ ገጠር ገበያ በአውሮፕላን ይደበደብ ስለነበር ገበሬው ግብይቱን ወደ ሌሊት አዙሮ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በሐውዜን በገበያ ቀን የተጣለው ቦምብ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰው ፈጅቷል። መንግሥትን ይወጉ የነበሩትም ቢሆኑ ከወቀሳ አይድኑም፤ በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ እህል የጫኑ 23 የእርዳታ ካሚዮኖች በሕዝባዊ ግንባር ተዋጊዎች እጅ ጋይተዋል።

ይሁን እንጂ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ስንዴ የሚታደልበት ጠረጴዛ ነው።

በኅዳር 1977 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ለማጓጓዝ የታቀደ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አጋማሽ ለጊዜው እስኪቆም ድረስ 600,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን፣ በአውቶቡስና በካሚዮን ወደ ጋምቤላ፣ መተከል፣ አሶሳ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተወስዷል። አሳቡ በራሱ ክፉ ነበር ማለት አይቻልም፤ የወሎ ደጋ አፈር መሟጠጡ እውነት ነው፤ በሬውም ዘሩም ያለቀበት ገበሬ ወድዶ የተሳፈረበት ጊዜ ነበር። ነውሩ የገባው በኮታው ነው። ለየገበሬው ማኅበር ይህን ያህል ሰው አቅርቡ ተብሎ ቁጥር ሲወርድ፣ ቁጥሩን መሙላት ለሊቀ መንበሩ ግዴታ ሆነ። ፈቃደኛ ሲታጣም ሰው ከገበያ፣ ከእህል ማደያና ከመጠለያ ይታፈስ ጀመር። ባል እህል ሊቀበል በወጣበት ተወስዶ ሚስትና ልጆች መንገድ መንገድ ሲያዩ ቀሩ። ከሰፈራው ጣቢያ አምልጠው፣ ድንበር ተሻግረው ሱዳን ደማዚን የደረሱ ሰዎች ለጠየቋቸው ተመራማሪዎች የተናገሩት ይህንኑ ነበር።

ከአፈሳው ያላነሰ ጉዳት ያደረሰው ወሬው ነው። በማደያው ሰው ይያዛል ሲባል የሰማ አባት፣ ልጁ ከስቶ እያየ እንኳ ወደ ማደያው መቅረብን ፈራ። እህል በመጋዘን ተቀምጦ ሰው በቤቱ የሚራብበት ሁኔታ እንዲህ ተፈጠረ። በዚህ ፍርሃት ብቻ ባይሆንም፣ 200,000 ያህል የትግራይ ገበሬ ለሳምንታት በእግሩ ተጉዞ ወደ ሱዳን ተሻግሯል። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ደግሞ በጎንደር በኢብናት መጠለያ የነበሩ ከ30,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደየቀያችሁ ተመለሱ ተብለው በወታደር ተገደው ወጡ፤ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። መንግሥት በኋላ ጥፋቱን በአካባቢው ባለሥልጣን ላይ አላከከ።

ደጋ ያደገው ሰው ቆላ ሲወርድ የጠበቀው ወባ ነበር፤ የሚታረስበትን በሬ ደግሞ ገንዲ ፈጀው። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አፍሪካ ዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ዘገባ ከ50,000 እንደማያንስ ገምቷል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል አድራጎቱን በይፋ በመንቀፉ በኅዳር 1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። የመተከል ጉሙዝና የጋምቤላ አኙዋክ ግን መሬታቸው ለሰፋሪ ሲሰጥ የጠየቃቸው አልነበረም፤ የእነርሱ በደል ዛሬም ቢሆን የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሁለተኛው ተጨማሪ የጄኔቫ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 17፣ የሰላማዊ ሰዎች ደኅንነት ወይም አስገዳጅ ወታደራዊ ምክንያት ካልጠየቀ በስተቀር ሕዝብን ማፈናቀል ይከለክላል። ኢትዮጵያ ይህን ሰነድ የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተፈናቃዮችን የሚመለከተውን የካምፓላ ስምምነት ያጸደቀችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሰነዱ በጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ አለ፤ በሰልፉ ፊት የሚቆመው ግን የመዝገብ ሠራተኛው ነው።

ስለዚህ ሰፈራ በሚታሰብበት ስፍራ ሁሉ እህል የሚያድለው ሠራተኛ የሰፋሪ ስም መያዝ የለበትም። ጥያቄው ሰውየው ራሽኑን ተቀብሎ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ሚስቱና ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆቹ ባሉበት፣ የሚሄድበት አገር ቆላነትና በሽታው ሳይሸሸግ ሊቀርብለት ይገባል። አስቀድመው የሚሄዱ ጥቂት ሽማግሌዎች አገሩን አይተው እንዲመለሱ ማድረግም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከዚያም ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው እደላ ቀን መዝገቡን ገልጦ፣ አልሄድም ያለው ሰው ስም ከእህል ተቀባዮች ዝርዝር አለመሰረዙን በዓይኑ ይመልከት።