ስንዴ ከሰማይ ለማን ይወርዳል?

(በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች የተደረገ ንግግር)



ስለ በርሊን ላወራችሁ ነው የመጣሁት። «የጉና ሰው ከበርሊን ምን አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ሰኔ 17 ቀን 1940 ዓ.ም. ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን የመኪና፣ የባቡርና የውሃ መንገድ ዘጉ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ታፈነ። አሜሪካና እንግሊዝ በአውሮፕላን ያመላልሱለት ጀመር። እህል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የጭነቱ አብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነበር። ሰው ዱቄት ጥሬውን አይበላማ! እገዳው ግንቦት 4 ቀን 1941 ቢነሳም በረራው እስከ መስከረም 1942 ቀጠለ፤ ወደ 278 ሺህ ምልልስ፣ 2.3 ሚሊዮን ቶን። ያውም ከሦስት ዓመት በፊት ራሳቸው በቦምብ ሲደበድቧት ለነበረች ከተማ። ርኅራኄ ብቻ ነው የሚለኝን አላምነውም። በርሊንን ለስታሊን ላለመልቀቅ ነው።

እኛም አገር አውሮፕላን መጥቶ ያውቃል። በ1977 ድርቅ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል ከአሰብ ስንዴ እያነሱ መቀሌና አክሱም ያራግፉ ነበር። መኪና በማይደርስበት ደጋ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያውን ይጥሉታል፤ እንዳይፈነዳ በጆንያ ላይ ጆንያ ይደረባል። የሚጣልበትን ሜዳ ቀድመው የሚያዩት ደግሞ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ፤ በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን! ደርግ ግን በአማፂያን ይዞታ ላለው ሕዝብ እህል በሰላም ይለፍ ቢባል እምቢ አለ። ለዚያ ወገን እህል የሚገባው በሱዳን በኩል፣ በሌሊት፣ በመኪና ነበር።

መቀሌ ከሰኔ 2013 በኋላ ስትዘጋም የቀይ መስቀል አውሮፕላን መድኃኒት ይዞ የገባው ጥር 18 ቀን 2014 ነው። ዘገየ እንጂ ገባ።

የኛስ? ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ሳለች ሴቶች ተደፈሩ፣ ሆስፒታሉ ተዘረፈ። አምነስቲ ጽፎታል። ለዚያ ሆስፒታል በርሊንን ያየ ዓይነት አውሮፕላን ማን ላከ? የጋይንት እስትንፋስ ቻይኖች የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ነው። ስማዳ ከዚያም ገባ ብላ፣ አባይና በሽሎ ጥግ ናት። ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት ውስጥ የገቡ ወረዳዎች መሆናቸውን ለእናንተ አልነግርም። ክረምቱ ደህና ሲሆን እንኳ ጎተራው አይሞላም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በመከላከያና በፋኖ ውጊያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ታዲያ የሚቆመው አውቶቡስ ብቻ ነው? መድኃኒቱም፣ ማዳበሪያውም፣ እህሉም እኮ ነው።

ምን አለፋችሁ፣ እኔ አውሮፕላን እንለምን አልልም። አይመጣም። ጋይንትን ለማንም ላለመልቀቅ የሚበር ኃያል መንግሥት የለም። የምለው፣ የእህልና የመድኃኒት መኪና ማንም መንገዱን ይያዝ ማን፣ ሳይፈተሽ ይለፍ እንኳ ባይባል፣ ተፈትሾ ይለፍ ነው። ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ፤ አንዱ ቅጂ ለመንግሥት፣ ሌላው ለፋኖ። ቃሉ አንድ ነው፤ ለማንም አላለሳለስኩም። ስም መጻፍ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፣ የኔ ከላይ ነው ያለው። እስክሪብቶም ይዣለሁ።