ዕዳ ከሜዳ እንዳይመጣብን

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)





 በእንዲህ ያለው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ ነው። እኔም ከዚሁ አልወጣም፤ ነገር ግን ትምህርት ለአንድ ቤተሰብ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱን ብቻ መርጬ እናገራለሁ። ይኸውም ማናቸውም ሰው በስሙ የተጻፈውን ዕዳ እየመረመረ ስሙን ከሌባ እንዴት እንደሚጠብቅ ነው።

በአያቶቻችን ዘመን ዕዳ በአብዛኛው በአደባባይ የሚታወቅ ነገር ነበረ። በጊምቦም ሆነ በዴቻ፥ በጨናም ሆነ በጌዋታ፥ ገንዘብ የሚቆጠረው ተበዳሪና አበዳሪ ፊት ለፊት ተያይተው፥ ምስክር ቆሞ፥ ዋስ ተጠርቶ ነው። በሌላ ሰው ስም ልበደር የሚል አታላይ ቢነሣ፥ መልኩን የሚያውቅ ጎረቤት ያጋልጠዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ያዝዛል። በቁጥር 1728 እንደ ተደነገገው፥ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በውል ላይ ያኖረው የጣት ምልክት፥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። ያላነበበውን ወረቀት አቅርቦ «እዚህ ላይ ጣትህን አሳርፍ» የሚል አታላይ በየዘመኑ አይጠፋምና፥ ድንጋጌው የታሰበበት ነው።

ዛሬ ግን ዕዳ የሚጻፍበት ስፍራ ተለውጧል። ቦንጋ ላይ ከባንክ የተወሰደ ብድር አዲስ አበባ ባለው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ መዝገብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ መመሪያ የተደራጀው ይህ መዝገብ፥ ማን ከማን እንደ ተበደረና በጊዜው መክፈል አለመክፈሉን ይይዛል። ባንኮችም አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊት የጠያቂውን ታሪክ በዚሁ ይመለከታሉ። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ በቀጠሮው የሚከፍል ሰው ታማኝነቱ ይታይለታል። ነገር ግን መዝገብ የሚናገረው የተጻፈበትን ብቻ ነው። ሌባ በስማችን ተበድሮ እንደ ሆነ፥ ወይም ጸሐፊ ተሳስቶ የሌላውን ዕዳ በእኛ ስም አግብቶት እንደ ሆነ፥ መዝገቡ ያንኑ ይመሰክርብናል። ምስክሩም ሩቅ ስለ ሆነ፥ ሲመሰክርብን አንሰማውም።

በአገራችን ይህ አደጋ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መንገድ የስም መመሳሰል ነው። እኛ የምንጠራው በስማችን፥ በአባታችንና በአያታችን ስም ስለ ሆነ፥ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ሙሉ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ይገኛሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ የአሥሩን ጣት አሻራ፥ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል መዝግቦ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሆነ ቁጥር መስጠቱ ይህን ችግር ያቃልላል። ሆኖም ቁጥሩን ለማንም ስንሰጥ፥ የመታወቂያችንንም ቅጂ በየሱቁ ስናስቀምጥ፥ መጠበቂያችንን ለሌባ እንደ ማቀበል ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ የእጅ ስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ያለ መያዣ በስልክ ብድር መስጠት ጀመረ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ባንኮች እንዲህ ያለውን ብድር አስፋፍተዋል። ለችግረኛ ነጋዴና ለገበሬ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ስልኩንና የምስጢር ቁጥሩን የያዘ ሰው፥ የባለቤቱን መልክ ሳይመስል በባለቤቱ ስም መበደር ይችላል። በስልክ ውስጥ ጎረቤትም ሽማግሌም የለም።

ውድ ተማሪዎች፥ አሁን ነገሩ ወደ እናንተ ይመጣል። ካፊኖኖ ብቻ የሚናገሩ እናት፥ ፊደል ያልቆጠሩ አባት፥ በስልካቸው የመጣውን መልእክት የሚያስነብቡት ለእናንተ ነው። የምስጢር ቁጥሩንም ብዙ ጊዜ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በየቤታችሁ የቤተሰቡ ጸሐፊ ናችሁ። በዚህ እምነት ተጠቅሞ በአባቱ ስልክ ለራሱ የሚበደር ልጅ፥ ቤተሰቤ ነው ብሎ ቢያመካኝም ሥራው የስም ስርቆት ነው። ቁጥሩን ለጓደኛው የሚነግርም ለስርቆቱ በር ይከፍታል።

በውጭ አገር የሆነውንም ብንመለከት ትምህርት እናገኛለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ኤኩፋክስ ከሚባለው የብድር መረጃ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰርቋል። በዚያ አገር በሕፃናት ስምና ቁጥር የሚበደሩ ሌቦች አሉ፤ ልጁ ይህን የሚያውቀው አድጎ ለትምህርቱ ብድር ሲጠይቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ማናቸውም ሰው የብድር ታሪኩን በነፃ አስወጥቶ እንዲያይ መብት ሰጥቶታል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚህ መብት ሊጠቀሙ ይገባል።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ በስማችን የተጻፈውን እንጠይቅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321፥ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ መታወቂያችንን ይዘን ወደ ባንካችን እንሂድ፤ የብድር መረጃችንን በጽሑፍ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፥ በየወሩ አንድ ቀን ወስነን የስልካችንን ሒሳብ ከወላጆቻችን ጋር ተቀምጠን እንይ። ያልወሰድነው ብድር ወይም ያልላክነው ገንዘብ ተገኝቶ እንደ ሆነ፥ በዚያው ቀን በ127 እናስታውቅ። ሲም ካርድ የጠፋ እንደ ሆነም ነገ ሳንል በ994 እናዘጋ። «ከስልክ ቤት ነኝ» ብሎ የምስጢር ቁጥር ለሚጠይቅ ሁሉ መልሳችን እንቢታ ይሁን።

ሦስተኛ፥ ዋስ ስንሆን አንብበን እንፈርም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት፥ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም። ዋስ የሆንንበትን ዕዳ መከፈሉንም እየተከታተልን እንጠይቅ።

አራተኛ፥ የእኛ ያልሆነ ዕዳ ካገኘን በቃል ብቻ አንከራከር። ለአበዳሪው በጽሑፍ እናመልክት፤ የማመልከቻውን ቅጂ ተቀባዩ ፈርሞበትና ቀን ጽፎበት እንያዝ። ለፖሊስም እናስታውቅ፤ የሌላውን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

«እኔ ተበድሬ አላውቅም፥ ምን ልመረምር?» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። መልሴ ይህ ነው፤ ተበድሮ የማያውቅ ሰው መዝገቡን አያይም፥ ሌባም የሚመኘው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ለለቃሚ የሚከፍለውን ገንዘብ ለመበደር ባንክ የሄደ ገበሬ፥ «የቀድሞ ዕዳህን አልከፈልህም» ቢባል፥ ነገሩ እስኪጣራ ቡናው አይጠብቀውም። የበሰለው ፍሬ ይረግፋል፥ የልጁ የትምህርት ወጪም አብሮ ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፥ ወላጆቻችሁ ወደዚህ ትምህርት ቤት የላኳችሁ እነርሱ ያላነበቡትን እንድታነቡላቸው ጭምር ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፥ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስማቸው የተጻፈውን አንብቡላቸው። ያነበባችሁትንም ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ንገሯቸው።