የጨጓራ ኪኒንና የጨጓራ ሽፋን

ለዛሬ ይዘን የቀረብነው ረመዷን በመጣ ቁጥር በየቤታችን የሚነሳውን የጨጓራ ነገር ነው። ከኩታበር ለጉዳይ ደሴ የሚሄድ ሰው «ኦሜፕራዞሌን እንዳትረሳ» ይባላል። እናት ከራሷ ቆጥባ ለልጇ ታካፍላለች። ብዙዎቻችን ኪኒኑ የተላጠውን ጨጓራ የሚለብጥልን ይመስለናል። እንዲያ ግን አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ጨጓራችንን ሥጋ የሚያሟሟ አሲድ እንዲያመነጭ አድርጎ ፈጥሮታል። ጨጓራው ራሱም ሥጋ ነው! ራሱን የማይበላው ውስጡ በዝልግልግ ሽፋን ስለተለበጠ ነው። ተዘፍዝፎ ያደረ ተልባ የሚያወጣውን የሚያሟልጭ ነገር አስቡት። በሽፋኑ ውስጥ አሲድ የሚያከሽፍ ባይካርቦኔት ስላለ አሲዱ ከሥር ያለው ሥጋ ዘንድ ሲደርስ ኃይሉ ይከዳዋል።

ኦሜፕራዞል ይህን ሽፋን አያወፍርም። የአሲዱን ምንጭ ይቀንሳል እንጂ። ያን ጊዜ ቁስሉ ፋታ ያገኝና ሰውነት ራሱ ይጠግነዋል። ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል።

ታዲያ ሽፋኑን የሚጎዳው ምንድን ነው? አንዱ ለወገብና ለጉልበት እንደ ዘበት የምንውጠው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ነው። እነዚህ ጨጓራ ሽፋኑን እንዲያመነጭ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ያግዳሉ። በአንድ እጅ ዳይክሎፌናክ፣ በሌላው ኦሜፕራዞል እየዋጡ ዓመት መግፋት እያፈረሱ መገንባት ነው።

ሌላው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ሰርስሮ ገብቶ ይኖራል፤ በአገራችንም በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ ይገኛል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ጉዳቱን ለማሳየት ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፣ ጉድ ነው! በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ኦሜፕራዞል ብቻውን ይህን ተባይ አያጠፋውም። ከሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ተሟልቶ መወሰድ አለበት። እንዲያውም ኪኒኑ ባክቴሪያውን ከሰገራ ምርመራ ሊደብቀው ስለሚችል፣ ሐኪም አማክሮ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል።

ለወራት ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው አሲዱ ለጥቂት ሳምንታት በርትቶ ሊመለስበት ይችላል። «ያለ ኪኒኑ መኖር አልቻልኩም» የሚያሰኘው አንዳንዴ ይኸው ነው። ለዓመታት ሲወሰድም ቫይታሚን ቢ12ንና ማግኒዢየምን ሊያጓድል ይችላል። ሆኖም ጨጓራው ደምቶ የነበረ ወይም ለልብ አስፕሪን የታዘዘለት ሰው በገዛ ፈቃዱ እንዳያቆም አደራ እንላለን።

በረመዷን ኪኒኑ የታዘዘለት ሰው በተምርና በውሃ ሲያፈጥር ይዋጠው፤ መግሪብን ሰግዶ እስኪመለስ ከዋናው ምግብ በፊት የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት ያህል ይሞላል። ለሱሑር የታዘዘለትም ቀደም ብሎ ይነሳ። ሐኪም «አትጹም» ያለው ቀዷ የማውጣት ፈቃድ ከአላህ ተሰጥቶታልና ራሱን አያስጨንቅ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ያየ ግን ኢፍጣርን ሳይጠብቅ ያኔውኑ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ይሂድ።